ጭቃ፣ ሽቦ፣ አድባር፦ ተፈጥሮንና ባህልን አብረው የሚያቦኩ ሠዓሊዎቻችን

የመካኒሳዋ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከዞማ ሙዚየም መልስ ነው። ሰፈሬ ነው፣ መካኒሳ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ በደጁ ሳልፍ ኖሬያለሁ። ገብቼ ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ የእህቴን ልጅ ይዤ ገባሁ።

ገና ስገባ ቀልቤን የያዘው ግድግዳው ነው። ጭቃ ነው። በደንብ የተመረገ፣ ጭዱ እዚህም እዚያም ብቅ ያለ ጭቃ። ላዩ ላይ በእጅ የወጣ ቅርጽ አለ። ወዲህ ይጠማዘዛል፣ ወዲያ ይዞራል፣ እንደ ጥልፍ። ተጠግቼ አየሁት። መዳፌን አስደገፍኩበት። ቀዝቃዛ ነው። ያ ቅዝቃዜ ቀጥታ እማዬ ቤት ወሰደኝ።

ያደግኩት ጭቃ ቤት ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመለስ እማዬ ቤቱን ትመርጋለች። አፈር ታስቆፍራለች፣ የጤፍ ጭድ ትበትንበታለች፣ ውሃ ታጠጣዋለች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀናት ይሰነብታል። በየቀኑ በእግር ይረገጣል። ሲሰነብት ይሸታል። ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር አንድ ሲሆን ነው ለግድግዳ የሚደርሰው። ቸኩሎ የመረገ ሰው ቤቱ ይሰነጠቅበታል። እኔ ግን አፍር ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ቤታችንን እንዳያዩ ከሩቅ ነበር የምሰነባበታቸው። ያን ያፈርኩበትን ጭቃ ነው ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ያገኘሁት።

ለማታውቁት፦ ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና ኩሬተሯ (የጥበብ ትርኢት አዘጋጇ) መስከረም አሰግድ ናቸው። ሁለቱ ለዓመታት በየገጠሩ እየዞሩ የአገሩን የቤት አሠራርና ሥርዓት ሲያጠኑ ነው የኖሩት። ግቢው ውስጥ ከጋለሪው ሌላ ጓሮ አትክልት አለ፣ ላሞች አሉ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ። መሬቱ ድሮ የተበከለ ቦታ ነበር። አሁን ጎመን ይበቅልበታል።

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ስለ ተፈጥሮና ባህል የሚሠሩ የዘመናችን ሠዓሊዎችን እንድናነሳ ነው። ዛፍና ፏፏቴ የሚስሉትን ማለቴ አይደለም። አፈሩን፣ ውሃውን፣ ዛፉን ራሱን ይዘው የሚሠሩትን ማለቴ ነው። አንድ ጥያቄም አለኝ። ጭቃ ግድግዳ ክረምት ባለፈ ቁጥር እጅ ይፈልጋል። ያልተመረገ ይፈርሳል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ መቼ ነው አለቀ የሚባለው?


ባለ ሸማ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡05

እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። እኛ ቤት «ጥበብ» የሚባለው ሥዕል አይደለም። ነጠላው ጫፍ ላይ የሚገባው ባለ ቀለም ጌጥ ነው ጥበብ። ትምህርት ቤት ገብቼ ነው ጥበብ ማለት «አርት» ነው ያሉኝ። እኔ እስካሁን ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ቃላቱን እዩልኝ። ተፈጥሮ የሚለው «ፈጠረ» ከሚለው ነው የመጣው። ፈጠራም ከዚያው ነው። ፈጣሪም፣ ፍጡርም። ዛፉም የሠዓሊው ሥራም ከአንድ ሥር ነው የወጡት። ባህል ደግሞ ከግዕዙ «ብህለ» ነው፤ አለ፣ ተናገረ ማለት ነው። ሲባል የኖረ ነገር ነው ባህል። በቋንቋችን ተፈጥሮና ባህል ተፋጥጠው የቆሙ ሁለት ነገሮች አይደሉም። አንዱ የተፈጠረው ነው፤ ሌላው ስለ ተፈጠረው ሲባል የኖረው ነው።

ኤልያስ ስሜን በተመለከተ፣ ወደ ሽቦ ከመግባቱ በፊት የሠራቸውን ብታዩ ደስ ይለኛል። ሸራ ላይ በክር የተሰፉ፣ ቁልፍ የተደረደረባቸው ሥራዎች ናቸው። በብሩሽ አይደለም፣ በመርፌ ነው። የአባቴን እጅ አየሁባቸው። እናቴ ጥጡን ትፈትላለች፣ አባቴ ድሩን ወጥሮ ማጉን ይወረውራል። ጥጡ ዝናብ ጠጥቶ የበቀለ ነው። የት ላይ ነው ተፈጥሮው ያቆመው? ልንገርሽ አልችልም።


የምናለሽ ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 4፡20

ስለ ሽቦው እኔ ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አጠገብ ነው።

ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው የሚገባው እኛ ጋ ነው። አሮጌ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተር፣ ኪቦርድ፣ ቻርጀር። ልጅ ሆኜ ኮምፒዩተር ስበትን ነው የዋልኩት። ብሎኑን ትፈታለህ፣ ሽፋኑን ትገነጥላለህ፣ አረንጓዴውን ማዘርቦርድ ለብቻ ታስቀምጣለህ። ሽቦውን በምላጭ ትልጣለህ። ውስጡ ያለው መዳብ ነው ገንዘቡ። የቸኮለ ሰው ፕላስቲኩን ያቃጥለዋል። ያ ጭስ ጥቁር ነው፣ ይከረክራል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አብሮ አደጌ እስከዛሬ ያስለዋል።

ኤልያስ ዕቃውን የሚሰበስበው ከመርካቶ መሆኑ የታወቀ ነው። «ታይትሮፕ» የሚባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ስሙ በተወጠረ ገመድ ላይ መሄድን ነው የሚያመለክተው። አንዱን ሥራ ፊት ለፊት ቆሜ አይቻለሁ። ከሩቅ ስታየው ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ አገር ነው። እርሻ አለ፣ ወንዝ አለ፣ የታረሰና ያልታረሰ መሬት አለ። እየቀረብክ ስትሄድ አገሩ ይጠፋና ሽቦ ይሆናል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሽቦ፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ በሚስማር እንጨት ላይ የተመታ። የኪቦርድ ፊደሎችም አሉ። አንዱ ፊደል ላይ ቀለሙ በጣት ብዛት ለቅቋል። የማን ጣት እንደነበረ ማን ያውቃል? ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ስትጽፍ የኖረች ሴት ትሆናለች።

ሰው «ቆሻሻን ወደ ጥበብ ለወጠ» ሲል ደስ አይለኝም። ለእኛ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። እንጀራችን ነው። ደግሞ መዳቡም ከመሬት ነው የወጣው። ተራራ ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ቀልጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው እጅ ተነካክቶ መጨረሻ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ለእኔ ኤልያስ የሠራው ያን መንገድ ወደኋላ መሄድ ነው። ሽቦውን መልሶ መሬት አደረገው።

ጥያቄሽን ግን አልመለስኩም። ነገ እመለስበታለሁ።


ዋርካ ሥር
እሑድ፣ ጠዋት 1፡30

እንዴት አደራችሁ። ሮቤል ተመስገንን ያነሳ የለም? ደሴ ነው የተወለደው፣ በ1987 እ.ኤ.አ.። እዚህ ሥነ ጥበብ ተምሮ ከዚያ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ማስተርሱን ሠራ። «አድባር» በሚል ርእስ ተከታታይ ሥራ አለው። በዛፍ፣ በተራራ፣ በሐይቅ ያድራል የሚባለውን ጠባቂ መንፈስ ነው የተከተለው።

የእኔ አያት ወሎ ነው የኖረችው። ከቤቷ በላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ማንም ቅርንጫፉን አይቆርጠውም። የደረቀውን እንኳ አይለቅምም። ሰው መንገድ ሲሄድ «አድባሯ ትከተልህ» ትለው ነበር። ግንዱ ላይ ቅቤ የተቀባበት ቦታ ነበረ። ጥቁርና ልስልስ ያለ፣ በዘመን ብዛት ያብረቀረቀ። እጄን ልኬ ስነካው ቆጣ ብላ ሳበችኝ። ዕድሜዬ ስድስት ቢሆን ነው። ያን ቦታ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ።

ዋርካው ሥር ዕርቅ ይደረጋል። ዕድር ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል። ዛፉ ሳይቆረጥ የኖረው በደን ሕግ አይደለም። ሰው ስለሚፈራውና ስለሚወደው ነው። የሮቤልን ሥራ የወደድኩት ለዚህ ነው። ዛፉን ብቻ አልሳለም። ዛፉን ያቆየውን ነገር ነው የፈለገው። እሱ ደግሞ ለዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። የማይታየውን በቀለም ማምጣት ከባድ ነው።


ደጀ ሰላም
እሑድ፣ ቀን 7፡15

ከቅዳሴ መልስ ነው ያየሁት። ወንድሜ ዋርካ ሥር፣ አያትህን አከብራለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን ዛፍ ቅቤ መቀባትን ዝም ብዬ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ዛፍ ፍጡር ነው። አምልኮ ለፈጣሪ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ዛፍ የምለው ብዙ አለኝ።

አገሬ ደቡብ ጎንደር ነው፣ ደብረ ታቦር አካባቢ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመህ ቁልቁል ብትመለከት አገሩ ሁሉ ታርሷል። ቡናማ ነው። መሐል ለመሐል ክብ ክብ አረንጓዴ ይታያል። እያንዳንዱ አረንጓዴ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው እዚያ ነው የቀረው። አባቶች ዛፍ የሌለው ደብር እርቃኑን እንደቆመ ሰው ነው ይላሉ።

የክቡን ነገር አስቡት። መቅደሱ መሐል ነው። ከዚያ ቅድስት፣ ከዚያ ቅኔ ማኅሌት። ከዚያ ግቢው። ክብ በክብ እየሰፋ ይወጣል። የመጨረሻው ክብ ደኑ ነው። እኔ ደኑን ከሕንፃው ውጭ ያለ ነገር አድርጌ አላየውም። ግድግዳው ላይ ሥዕል ያሣሉት አባቶች ናቸው ዛፉንም የጠበቁት።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን ነገር ለዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋር ሆነው ምእመኑን አስተባብረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ከብት ገብቶ ችግኝ እንዳይግጥ ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ነው የሚለቀመው። ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይጠበቃል። ኪየራን ዶድስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ፎቶ አንሺ ደግሞ ደኖቹን ከላይ ሆኖ አንስቷቸዋል። ፎቶው መልካም ነው። ካቡ ግን ይበልጥብኛል። ሠዓሊ የሠራው ባይሆንም ካቡን ጥበብ ብዬ ልጠራው እደፍራለሁ።


ዋርካ ሥር
እሑድ፣ ቀን 8፡02

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልኝ። አልከራከርህም። አያቴም ጾም አትገድፍም ነበር፤ እሑድ ደጀ ሰላም፣ በአዘቦት ዋርካ ሥር። ሁለቱን እንዴት አስማምታ እንደያዘች አሁን ብጠይቃት እወድ ነበር። የመጨረሻው ክብ ደኑ ነው ያልከውን ግን ጽፌ አስቀምጫለሁ።


ግልጽ ልናገር
እሑድ፣ ማታ 1፡40

ይቅርታ አድርጉልኝ። ልቤን የከነከነኝን ካልተናገርኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

እኛ ከመሐል ከተማ የተነሳን ሰዎች ነን። ቤታችን ጭቃ ነበር። ሲያነሱን ደሳሳ ነው፣ ገጽታ ያበላሻል ተባልን። ጭቃችን በአንድ ጠዋት ፈረሰ። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። እናቴ አፈር የምትነካው የአበባ ጣሳ ውስጥ ነው።

ታዲያ ያው ጭቃ ሙዚየም ውስጥ ሲገባ ሰው ከውጭ አገር መጥቶ ያደንቀዋል። እኛ የኖርንበት ጊዜ ያደነቀን የለም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ጭቃ ቤት ዝናብ ያስገባል። ክረምት ላይ ሌሊት ተነስተን ባልዲ እንደቅን ነበር። ትኋኑን አልረሳውም። ሠዓሊዎቹን አልጠላም። ግን ድህነታችን ውበት ነበር ሲባል ያመኛል።


ውሃ ቀጂ የነበርኩ
እሑድ፣ ማታ 2፡25

ግልጽ ልናገር ያልከውን እጋራለሁ። ሆኖም አንድ ሥራ ልጥቀስልህ።

አሁን ያለሁት ዱባይ ነው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ልጅ ሆኜ ውሃ ከሩቅ ነበር የምቀዳው። ጀሪካኑ ሲሞላ ገመዱ ትከሻ ላይ ይገባል። ጠባሳው እስካሁን አለ። ስለ ውሃ ችግር የማያቸው ፎቶዎች ሁሉ እኛን አቧራ ለብሰን፣ ዝንብ ፊታችን ላይ አርፎ ነው የሚያሳዩን። ያን ፎቶ ሳይ ያቺ እኔ አይደለሁም እላለሁ።

አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. «ዋተር ላይፍ» የሚሉ 12 ፎቶዎች ሠራች። ያሠራት ዋተርኤይድ የሚባል ድርጅት ነው። ያነሳቻቸው አፋር፣ ዳሎል ነው። መሬቱ ጨው ነው። ሰማዩ ክፍት ነው። ሴቶቹ ቀይና ሰማያዊ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተቀብተው ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንገታቸውን አልደፉም። ስልኬ ላይ ነው ያየሁት፣ ማታ ሥራ ጨርሼ። ብዙ ቆየሁበት። ውሃ የምትቀዳ ሴት እንደ ንግሥት ቆማ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ክር ከፋቿ ሥዕሉን ሳይሆን አፈሩን ራሱን ብለሻል። እኔ ግን ምስል ያስፈልጋል እላለሁ። ራስን ቀና ብሎ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።


ከካሰል
እሑድ፣ ማታ 4፡50

እኔ ጀርመን፣ ካሰል ነው የምኖረው። የመካኒሳዋ፣ ጥያቄሽ «መቼ ነው አለቀ የሚባለው» ነው። እኔ ደጅ ላይ ያላለቀ ሥራ አለ፤ ልንገራችሁ።

ዮሴፍ ቦይስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ በ1982 እ.ኤ.አ. እዚህ ከተማ በሚካሄደው ዶኩሜንታ የሚባል ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ 7,000 የጥቁር ድንጋይ ምሰሶዎች ሙዚየሙ ፊት ለፊት አስከመረ። ሐሳቡ አንድ ዛፍ ሲተከል አንድ ድንጋይ ከክምሩ ወጥቶ ዛፉ ጎን እንዲቆም ነው። ክምሩ እንዲያልቅ ሰው 7,000 ዛፍ መትከል አለበት። ብዙ ሰው ተቃውሞ ነበር። ቦይስ መጨረሻውን ሳያይ በ1986 ሞተ። የመጨረሻዋን ዛፍ በ1987 ልጁ ተከላት።

ከቤቴ በር ላይ ከእነዚያ ዛፎች አንዱ፣ ባሉጥ (ኦክ)፣ አለ። ድንጋዩ ደረቴ ድረስ ነው። ሲተከል ችግኙና ድንጋዩ እኩል የሚሆኑ ይመስለኛል። አሁን ዛፉ ከቤታችን ጣሪያ አልፏል። ድንጋዩ እዚያው ነው፣ አንዲት ጣት አላደገም። ልጄ ድንጋዩ ላይ ቆማ ግንዱን ታቅፈዋለች። በጥቅምት ቅጠሉ ይረግፋል፤ እኔ እጠርገዋለሁ። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መጥተው የደረቀውን ይቆርጣሉ። ለግልጽ ልናገር ማለት የምፈልገው ይህን ነው፤ ይህ ሥራ ውስጥ ለመግባት ቲኬት የለውም። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ጥላው ሥር ይቆማል። የጥበብ ሥራ መሆኑን የማያውቁ ጎረቤቶች አሉኝ። ጥላው ግን ለሁላችንም ነው።

በዚያው በ1982 አግነስ ዴነስ የምትባል ሠዓሊ ኒውዮርክ መሐል፣ ማንሃተን ላይ፣ ከዓለም የንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ሥር ስንዴ ዘራች። ቦታው የቆሻሻና የቁፋሮ አፈር የተደለደለበት ነበር። ስፋቱ 0.8 ሄክታር ገደማ ነው። አፈር አስጭና፣ ትልሙን በእጅ አውጥታ፣ ነሐሴ ላይ ከ450 ኪሎ በላይ አጨደች። አሁን ቦታው ላይ ሕንፃ ነው ያለው። ስንዴው ለአንድ ክረምት ብቻ ነበር። ሁለቱን ሳስብ የማደላው ለባሉጡ ነው። የሚቆይ ነገር ሰውን አብሮ ያቆያል።


ደባርቄው
ሰኞ፣ ቀን 6፡40

ሁላችሁም ተፈጥሮና ሰው አብረው የኖሩበትን ነው ያነሳችሁት። እኔ የተለያዩበትን ላንሳ።

ጁሊ ምሕረቱ በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ሠዓሊ ናት። ሳን ፍራንሲስኮ ላለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች ሠርታለች። «ሃውል፣ ኢዮን» ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ወደ 8 ሜትር ቁመት፣ ወደ 10 ሜትር ስፋት አላቸው። ቦታ ስላልበቃት ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው የሣለቻቸው፤ በ2017 ተጠናቀቁ። ከሥር ያስገባችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ የምዕራብ አሜሪካን ተራራና ሸለቆ ሥዕሎች ነው። እሱን አደብዝዛ ከዘመናችን የአመፅና የሁከት ፎቶዎች ጋር ቀላቀለችው። ከዚያ ላዩ ላይ የራሷን ጥቁር መስመር ሠራች። እነዚያ የድሮ ሥዕሎች አገሩን ባዶ አድርገው ነው ያሳዩት። ተራራ፣ ጭጋግ፣ ወርቃማ ብርሃን። ሰው ግን ነበረበት። የአገሬው ተወላጆች ነበሩበት።

እኔ ደባርቅ ነው ያደግኩት። የሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በመሐሉ ግጭ የሚባለው መንደር ተነሳ። የመጨረሻዎቹ የወጡት በ2016 ነው። ገደሉ አናት ላይ ገብስ የሚያበቅሉ ሰዎች ነበሩ። ዘመዶች አሉኝ ከእነሱ ውስጥ። እውነቱን ለመናገር ሣሩ ተግጦ አልቆ ነበር። ዋልያውም መድረሻ አጥቶ ነበር። ያን አልክድም። አሁን ሣሩ ተመልሷል። ቱሪስቱ ሲመጣ ንጹሕ ተፈጥሮ ነው ብሎ ፎቶ ያነሳል። አጎቴ ያን ፎቶ ሲያይ የድሮ ማሳውን እርከን በጣቱ ያሳያል። ሣሩ ውስጥ መስመሩ ይታያል። የማያውቅ ሰው አያየውም።

የጁሊን ሥራ ሳይ የአጎቴ ጣት ነው ትዝ የሚለኝ። ባዶ የሚመስል አገር ውስጥ የሰው ድምፅ አለ።


ሜሪላንድ
ሰኞ፣ ማታ 3፡15

አጭር ነገር ልጨምር። መሪቆከብ ብርሃኑም ከዚህ ወገን ናት። በ1977 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ አሁን እኛው ጋ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። በ2022 ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ቬኒስ ቢያናሌ የሚባል ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት ላይ ከኤልያስ ስሜ ጋር በአንድ ትልቅ ትርኢት ውስጥ ነበረች። ሥዕሎቿ ውስጥ ዘር የሚመስል፣ ፅንስ የሚመስል፣ ቅጠል የሚመስል ነገር አለ። ጠጋ ስትሉ ከጎኑ የኮምፒዩተር ሰርኪውት መስመር ታያላችሁ። የምናለሽ ልጅ «ሽቦውን መልሶ መሬት አደረገው» ላለው ሥራ እህት ሥራ ይመስለኛል። አገር ቤት ያለ ወዳጅ ምስሎቿን ፈልጎ ይመልከት። እኛ ሰፈር ጽጌ ሲፈነዳ የእሷ ቀለሞች ትዝ ይሉኛል።


የምናለሽ ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከካሰል የጻፍከው ነው መልሱን የሰጠኝ። «አለቀ» የምንለው ዕቃ ነው እኛ ጋ የሚመጣው። ስልኩ አለቀ፣ ኮምፒዩተሩ አለቀ ይላሉ። እኛ እንጠግነዋለን፣ ያልተጠገነውን እንበትነዋለን፣ የተበተነው ሌላ ይሆናል። በእኔ ሰፈር ቋንቋ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ግልጽ ልናገር ወንድሜ፣ አንተ ያልከው ግን እውነት ነው። የሠራተኛው ስም አይነሳም። የጭቃ ግድግዳ ጎበዝ መራጊ ከሌለው አይቆምም። የሽቦ ሥዕልም ሽቦውን በምላጭ የላጠ ልጅ አለው። ስለ ሠዓሊው ስናወራ እጆቹን ሁሉ አብረን ብንጠራ ደስ ይለኛል።


የመካኒሳዋ
እሑድ፣ ማታ 1፡20

ሳምንት ሙሉ ስታነብቡኝና ስትጽፉልኝ ከረማችሁ። አመሰግናለሁ። ግልጽ ልናገር፣ የጻፍከውን ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። እኛም ባልዲ ደቅነናል። ትኋኑንም አውቀዋለሁ። ድህነቱ ውበት ነበር አላልኩም፤ እንዲያ ከተሰማህ ይቅርታ። ሙያው ግን ውበት ነበረው። ሙያው የእናቶቻችን ነበር።

ስለዚህ ትናንት እማዬን ይዣት ሄድኩ። መጀመሪያ አልፈለገችም። «ጭቃ ለማየት ብር ይከፈላል?» አለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

ሥዕሎቹን ፈጠን ብላ ነው ያለፈቻቸው። ከዚያ ውጭ ወጥታ ግድግዳው ጋ ቆመች። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ በጥፍሯ ጫፍ ቧጠጥ አደረገችው፤ ምንም አልረገፈም። መዳፏን አሳረፈችበት። አንገቷን አዘንብላ ከጎን አየችው፣ ልክ ምርጊት ጨርሳ ፊቱ መስተካከሉን እንደምታይበት። «ይሄ ሰንብቷል» አለችኝ። «ጭቃው ሰንብቷል። የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም።» ቅርጹን በጣቷ ተከተለችው፣ ከታች ጀምራ ትከሻዋ እስኪደርስ። «እኛ ቤትን እንዲህ ማድረግ እችል ነበር። ጊዜ አላገኘሁም እንጂ።»

እናቴ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ቤት ስትመርግ ቅርጽ ማውጣት አምሯት እንደነበር አላወቅኩም።

ከዚያ ጓሮው ጋ ሄደን ተቀመጥን። ጎመኑን አየች። ላሟን አየች። የሕፃናቱን ትምህርት ቤት ሳሳያት «ልጆቹን ጭቃ ያስነኳቸዋል?» አለች። አላውቅም አልኳት። ስንወጣ በሩ ላይ ያለውን ሰው ይህንኑ ጠየቀችው። ቀጥላም ክረምቱ ሲወጣ ለምርጊት ሰው የሚፈልጉ እንደሆነ ጠየቀችው። ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁላት።